ስንቅ ተቀባዮች

ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ አስቀምጠው፣ ቢጫ ቁራጭ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ ሰጥተው፣ «ራዕይዎን ይጻፉ» አሉኝ። እኔ እቴ፣ መነጽሬን እንኳ ቤት ረስቼ ነው የመጣሁ። ወረቀቱን የሰጠኝ ከአዲስ አበባ የመጣው አማካሪ ናትናኤል ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል፣ ግን «ማዘር» ይለኛል። የወለድኋቸው «እማዬ» ይሉኛል፣ ያልወለድኋቸው «እትዬ የሺ» ይሉኛል፤ ማዘር ብሎ የጠራኝ እሱ የመጀመሪያው ነው፣ የመጨረሻውም እንዲሆን ነግሬዋለሁ። ሳቀና «እሺ ማዘር» አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል፤ ተውሁት።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። ማኅተምና ፈቃድ ያላት የበጎ አድራጎት ድርጅት ትባል እንጂ ሥራዋን ባንድ ትንፋሽ ተናግሬ እጨርሰዋለሁ። ከደቅና ከሌሎቹ ደሴቶች መጥተው ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጃገረዶች፣ ወላጆቻቸው በጀልባ የሚልኩላቸውን ስንቅ ወደብ ላይ ተቀብለን ቤታቸው እናደርሳለን። ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ወራቱ ሲሆን ማንጎ። ልጅ ስትታመም እናሳክማለን፣ ቤት አከራይ ሲያስቸግር ሄደን እንናገረዋለን፤ ዋናው ግን ስንቁ ነው። አሁን አንድ ትልቅ የውጭ ረጂ ድርጅት ወደደንና ማደሪያና ምግብ ቤት ልሥራላችሁ አለ። መቼም ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ አምጡ አለ፤ ስንቅ መቀበሉ ይቅር፣ ምግቡን እኔ እችላለሁ አለ፤ እያንዳንዷ ልጅ ደግሞ ችግረኛ ስለ መሆኗ ከቀበሌ ወረቀት አምጥታ፣ ፎቶ ተነሥታ ትመዝገብ አለ። እዚህ ላይ ነው እኔ አላልፍም ያልሁት። ሊቀመንበራችን ስመኝ ግን እንቀበል ባይ ናት። ስመኝ ራሷ የደቅ ልጅ ናት፣ በዚሁ ማኅበር እጅ ተምራ ዛሬ ኮሌጅ የምታስተምር፤ ባልወልዳትም ልጄ ናት። ከልጅ ጋር መጣላት ደግሞ ከባዳ ጋር ከመጣላት ይከፋል።

ናትናኤል ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ሳለ አንዱ ሞቀኝ ብሎ መስኮቱን ከፈተው። ከወደቡ በኩል የራሰ የታንኳ ደንገልና የዓሣ ሽታ ገባ። እኔም ራዕዩን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወደኋላ ሄድሁ።

ያኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ከተማው ሁሉ ብስክሌት ይሆን ነበር። ባሌ ሽመና ክፍል፣ እኔ ደግሞ ጥራት ቁጥጥር ነበርን፤ ጨርቁን መብራት ላይ ዘርግቼ የተበጠሰ ክር ስፈልግ ነው የምውለው፤ ዛሬ መነጽር ያስደረገኝም እሱ ነው። ብስክሌት የሌለው ይከራያል፤ በስሙኒ ተከራይቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ የዘንባባውን መንገድ ሲመላለስበት ይውላል። ያን ጊዜ የወንዱ ሱሪ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሰፋ ስለነበር ሰንሰለት እየያዘው ስንቱ ጎረምሳ በእኛ ፊት እየወደቀ አሳቀን። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከፋብሪካው በቅናሽ የሚሸጥልንን አበባ ጨርቅ ጉልበት ላይ የሚቀር ቀሚስ አሰፍተን፣ ፀጉራችንን አፍሮ አበጥረን፣ ናይለን ሻርፕ አንገታችን ላይ ጣል አድርገን እንወጣለን። ወደቡ አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን ደጁ ላይ ሰቅሎ የፍቅር ዘፈን ሲለቅ በታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ሳይቀር ይሰማው ነበር። ጥብስ ቀረሶ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሽልንግ ይገዛል፤ አጥንቱን እየለቀምን፣ ጣታችንን እየላስን በሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ዛሬ ሙዚቃ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሟል፤ ቀረሶውም በሹካ ነው የሚቀርብ። ክፉ ነው አላልሁም፤ እኔ ግን በሹካ ዓሣ መብላት አልሆነልኝም።

የዚያን ጊዜ የማርያም ማኅበር ነበረን፤ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ አንዳንድ መምህራን፣ ከቢሮም ሰዎች ነበሩበት። ጽዋው በወር በወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የማኅበር መሪ በእኛ ዘንድ «ሙሴ» ይባላል፤ የእኛ ሙሴ መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ፣ ልጆቻቸው ፋብሪካ ስለገቡ ከእኛ ጋር የተገኙ ሰው። አንድ ቀን ጠላው ከዞረ በኋላ ተነሡና፣ ከደሴት የሚመጡ ልጃገረዶች ረሀብ እየመለሳቸው ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ አሉ። «ማኅበር ማለት መብላትና መጠጣት ብቻ ከሆነ ጽዋውን ሰብራችሁ ጣሉት» አሉን።  ከዚያ ዛሬ ናትናኤል በስንት ወረቀት የሚሠራውን ነገር እሳቸው እዚያው ቆመው ሠሩት። እያንዳንዱ ቤት በተራው ከራቱ ያስቀራል፤ ልጆቹ አገልግል ይዘው ማታ ማታ ከባለተራው ደጅ ይቀበላሉ፤ በዚያ ይማራሉ። አንዲት ሴት፣ ምግቡን እኛ ብናደርስላቸው አይሻልም ወይ አለች። መሪጌታም «የለም፤ የተማሪ ወጉ እሱ ነው። እኔ ጎጃምን ዞሬ የተማርሁት አኮፋዳ ይዤ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ፣ የሰው ቁራሽ በልቼ ነው። የለመነ ተማሪ ትምህርቱ ይጸናለታል» አሉ። ከመካከላችን አባቱ ወይ አያቱ ቄስ ያልሆነ፣ የቆሎ ተማሪ ወግ እያየ ያላደገ ጥቂት ነው፤ ሁላችን ራሳችንን ነቀነቅን። ለእኛ ለትምህርት መለመን ክብር ነበር። ለገበሬ ልጅ፣ ለዚያውም ለሴት ልጅ፣ ለዚያውም ደንብ ልብስ ለብሳ መንግሥት ትምህርት ቤት ለምትሄድ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስመኝ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ አንድ ሸራ ጫማ ያላት። አገልግሏን ይዛ ስታልፍ የሰፈሩ ጎረምሶች ከኋላዋ «በእንተ ስማ፣ በእንተ ስማ» እያሉ ይከተሏታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እሷም አልተናገረች። አንድ ማታ ተራው የእኔ ሆኖ ሽሮዬን ሠርቼ ስጠብቃት መጣችና አገልግሉን ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ የሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ልቀበል አይደለም፣ አገልግሉን ልመልስ ነው» አለችኝ።

«ምን ልትበዪ ነው ታዲያ?»

«አገሬ እገባለሁ። አገሬ ምግብ አለ።»

በማግሥቱ ጀልባ ነበረ፤ በዚያው ተሳፍራ ሄደች። ማኅበሩ ተቆጣ። አንዱ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ብሎ ተረተባት፤ ሌላው ደግሞ ደግነት አይበጃትም አለ። እኔም እውነቱን ለመናገር ከፍቶኝ ነበር። መሪጌታ ብቻ ናቸው ያልተቆጡት። ኋላ «እንግዲህ ሄደን እንጠይቃታ» አሉኝና በሚቀጥለው ጀልባ አብረን ተሳፈርን፤ እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው፣ ማዕበሉን እየፈሩ፣ ዳዊታቸውን እየደገሙ።

የስመኝ አባት አያ ውቤ ይባላሉ። ደቅ ስንደርስ ዳጉሳ ሲወቁ አገኘናቸው፤ ላባቸውን ጠረጉ፣ መሪጌታን መስቀል ባይዙም ጉልበት ስመው ተቀበሏቸው፣ አብልተው አጠጡን። ነገሩን ያነሡት ከበላን በኋላ ነው። «መሪጌታ፣ እርስዎ ለእግዜር ቃል ሲሉ ለምነዋል፤ ያ ያኮራል። የእኔ ልጅ የለመነችው ግን ጎተራዬ ሙሉ ሆኖ ነው። እነሆ ይዩት። ሰው ምን ይለኛል? ውቤ ልጁን በሰው ደጅ ጥሎ እህሉን ይሸጣል አይለኝም?» አሉ። በእጃቸው ወደ ሐይቁ እያመለከቱ ቀጠሉ። «ስንቅ ልኬላት ነበር እኮ፤ አንዴም ሁለቴም። ወደብ ላይ የሚቀበል ጠፍቶ፣ እሷ መላኬን ሳታውቅ፣ አንዱን ዝናብ አበሰበሰው፣ አንዱን ሌባ ወሰደው። የሚቀበለኝ ሰው ነው ያጣሁት እንጂ የምትበላው አላጣሁም።»

መሪጌታ ተነሥተው ጎተራውን አዩት።  ኋላ «አጠፋን አያ ውቤ። ልጅዎን ይስጡን፤ ስንቋን እኛ እንቀበላለን» አሉ። አያ ውቤ «ማን ይቀበላል?» ቢሉ እኔ አፌ ቀደመኝና «እኔ» አልሁ። እሑድ ፋብሪካው ዝግ ነው፣ ጀልባውም እሑድ ይመጣል፤ ከዚህ የጠለቀ ሐሳብ አልነበረኝም። ስመኝን ይዘን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ነው እሑድ እሑድ ወደብ መውረድ የጀመርሁት፤ መጀመሪያ በሸክም፣ ቀጥሎ በፈረስ ጋሪ፣ አሁን በባጃጅ። የአያ ውቤን ያዩ ሌሎቹም አባቶች መላክ ጀመሩ። በኋላ ዘመን ማኅበር ሁሉ ይመዝገብ ሲባል ተመዘገብን፣ ማኅተም አስቀረጽን። መሪጌታ ካረፉ ቆዩ፤ አያ ውቤም ልጃቸው ተመርቃ አይተው ነው ያለፉ። ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንቱ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ፣ ስንት ጊዜ ጀልባው ቀረ፤ ጀልባው በመጣ ቀን ግን ወደብ ላይ ሰው አጥቶ አያውቅም። በዚህ እኮራለሁ፤ ኩራቴንም አልደብቅ።

«ማዘር፣ አልጻፉም እንዴ?» አለኝ ናትናኤል። ነቃሁ። ግድግዳው በወረቀት ተሞልቷል፤ ዘላቂነት፣ ተደራሽነት፣ ማብቃት። ሁሉም ደግ ደግ ቃል ነው። ስመኝ ከፊት ተቀምጣ የረጂውን ሐሳብ ድምፅ እንስጥበት ማለት ጀምራለች። እጄን አወጣሁ።

«ስመኝ፣ አባትሽ በሕይወት ቢኖሩ ያን የቀበሌ ወረቀት ያወጡልሽ ነበር?» አልኋት፣ በሰው ፊት።

ፊቷ ቀላ። ግን የዋዛ ልጅ አይደለችም። «አያወጡም ነበር። አባቴ ጎተራቸው ሙሉ ነበር፣ እትዬ የሺ። ትርንጎስ? አባቷ ከሞቱ ወዲህ አንዲት ቁና አልመጣላትም። እሑድ እሑድ ወደብ ትወርዳለች፣ ባዶ እጇን ላለመታየት የጓደኞቿን ስንቅ ትሸከማለች። እርስዎ የሚቀበሉት ጀልባ ለትርንጎ ምን ይዞላት ይመጣል?»

 ያለችው እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ ያማል። ትርንጎ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ የደቅ ልጅ፤ ጓደኞቿ ያካፍሏታል፣ እሷ ጠግቤያለሁ ትላለች፣ አለመጥገቧን ሁላችን እናውቃለን። ግን ስመኝ የማታውቀውን አንድ ነገር እኔ አውቃለሁ።

«ትርንጎ ትናንት እኔ ቤት መጥታ ነበር» አልኋት። «ምዝገባውን ሰምታ ልብሷን አጥባ አስራለች። ምን አለችኝ መሰለሽ? ረሀብ አያስፈራኝም፣ ለምጀዋለሁ፤ ችግረኛ ተብዬ ፎቶ ግን አልነሣም፣ አገሬ እገባለሁ ነው ያለችኝ።»

 ናትናኤል በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማዘር፣ ወረቀቱ እኮ ፎርማሊቲ ነው» አለኝ። «ላንተ ነው። ለእሷ ስሟ ነው» አልሁት። «እሺ፣ ታዲያ የእርስዎ አማራጭ ዕቅድ ምንድን ነው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ አልተቀየምሁትም። «የለኝም። ዕቅድ የለኝም ማለት ግን የመጣውን ሁሉ እሺ እላለሁ ማለት አይደለም። ልጂቱን የሚያባርር ምግብ ቤት ምን ያደርግልኛል?» አልሁና ተቀመጥሁ።  ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲል ሰማሁት። ዞር ብዬ «ወረቀቱን እናንተ ይዛችኋል፤ እኔ ሞኙን ልሁናችሁ» አልሁት።

ስመኝ ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። ከወንበሯ ተነሣች፣ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ ደቅ ያለው ወንድሟ ጋ ነው የደወለችው፣ ዛሬ የአባታቸውን መሬት የሚያርሰው። «የዘንድሮውን ድርሻዬን አትሽጠው... አዎ፣ ዳጉሳውንም በቆሎውንም... በእኔ ስም አይደለም፣ በትርንጎ ስም ጫነው... እሑድ፣ በየወሩ...» እስከ መቼ ነው ብሎ ጠየቃት መሰለኝ፣ «እስክትጨርስ» አለችው። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ እንባዬ መጣ። መሐረቤን ፈልጌ አጣሁት፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።

ተመልሳ ገባችና ቆማ ተናገረች። «ማደሪያውን መሥራት ከፈለጉ ይሥሩልን፣ ደስ ይለናል። የችግረኛ ወረቀት የለም፣ ፎቶ የለም፣ ስንቁም አይቀርም። ስንቅ የማይመጣላት ልጅ ካለች ከደሴቱ እህል ገዝተን፣ ከደሴቱ አስጭነን፣ ከሌሎቹ ጋር እንቀበልላታለን። ናትናኤል፣ ይህን ጻፍልን፤ ዕቅዳችን ይኼ ነው» አለች። ድምፅ ተሰጠ፤ የስመኝ ሐሳብ አለፈ። እጃቸውን ያላወጡ አሉ፤ አንዳንዶቹ አሁንም ያኮርፉኛል፣ ለከተማው የመጣውን ሲሳይ ያባረረች አሮጊት እኔ ነኝ። ይበሉ። ረጂው ድርጅት መልስ አልሰጠም፤ ባይሰጥም እኛ ደጅ አንጠናም። እሱ ሳይመጣም ነበርን። ናትናኤል ግን ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝና «እትዬ የሺ፣ ደኅና ይሁኑ» አለኝ።

እሑድ ወደብ ወረድሁ። ስመኝ አልመጣችም፤ አልመጣም ብላኛለች፣ ልጂቱ ካየችኝ ትጠረጥራለች ብላ። ጀልባው ዘግይቶ ገባ። ጀልበኛው እንደ ልማዱ ከላይ ሆኖ ስም እየጠራ ስንቁን ያወርዳል፤ ልጃገረዶቹ እየተሳሳቁ ይቀበላሉ። ትርንጎ እንደ ሁልጊዜው የጓደኛዋን ጆንያ አንስታ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። «የትርንጎ» አለ ጀልበኛው። አልዞረችም። «የትርንጎ፣ ከደቅ» አለ ደግሞ። ቆመች። የጓደኛዋን ጆንያ ቀስ ብላ አወረደችና ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ ተሳስተው ነው» አለችኝ።

«አልተሳሳቱም።»

«ማን ልኮልኝ?»

«ካገርሽ ነው። ዳጉሳውን እይውና ያገርሽ ካልሆነ መልሽው» አልኋት።

የጆንያውን አፍ ፈታ አድርጋ እጇን ከተተች፤ ዘገነች፣ አየችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ አሰረችው። ሌላ አልጠየቀችኝም። ባጃጁ ላይ ልጫንልሽ ብላት እንቢ አለች። ጓደኞቿ ስንቃቸውን በባጃጅ ሲልኩ እሷ ጆንያዋን አዝላ፣ በሰዉ መካከል፣ በዘንባባው መንገድ መሃል ለመሃል ሄደች።